በዩኒቨርሲቲው ቀለም የተሠሩት የመንገድ ታፔላዎች ማታ አይነበቡኝም፤ ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ምን ልበል?

የሌሊት ሾፌር (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖቼ፣

ከሥራ የገባሁት አሁን ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል። እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ መካከለኛው ምዕራብ ውስጥ ባለች አነስተኛ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። የከተማዋንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም አልጠራም። እንጀራዬን የምበላው እዚሁ ነው፣ ትልቋ ልጄም የምትማረው እዚሁ ነው።

ማታ ማታ ስነዳ 11 ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ጥሪ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ከፒያሳ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ አድርጌ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። እዚያ አንድም ቀን የጎዳና ታፔላ አንብቤ አላውቅም። ተሳፋሪው «አንበሳ ግቢ ጋ ወራጅ አለ» ይላል፣ ዳር እይዛለሁ፣ አለቀ። ጎዳናው ስም ቢኖረው እንኳ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። እዚህ አገር ግን ሰውን የምታገኘው በቤት ቁጥርና በጎዳና ስም ነው። ስለዚህ ታፔላ ለእኔ የሥራ መሣሪያዬ ነው፣ ልክ እንደ መሪውና እንደ ፍሬኑ።

ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት ተማሪው ለዕረፍት ሲሄድ ከተማውና ዩኒቨርሲቲው ተስማምተው በግቢው ዙሪያ ያሉትን የመንገድ ስም ታፔላዎች በሙሉ ቀየሯቸው። የድሮዎቹ አረንጓዴ ላይ ነጭ ፊደል ነበሩ። አዲሶቹ የዩኒቨርሲቲው ቀለም ናቸው፤ መደቡ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ (ወደ ቀይ የሚያደላው)፣ ፊደሉ ወርቃማ፣ ሁሉም ፊደል ትልቁ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደ ጥንት መጽሐፍ ፊደል እግር ያለው። ቀን ሲያዩዋቸው በጣም ያምራሉ። ልጄ የመጀመሪያው የተሰቀለ ዕለት ከሥሩ ቆማ ፎቶ ተነሥታ ለአያቷ ልካለች። ማታ ግን ወይን ጠጁ ጥቁር ይሆናል፣ ወርቁም ደብዝዞ ቡናማ ይሆናል። ጥቁር ላሜራ እንጨት ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጫንኩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሌላ ስቴት የመጡ ናቸው፣ በእጃቸው ድስት በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። የተማሪ ማደሪያዎቹ ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ስገባ ስልኬ እንደ ልማዱ ቦታውን አሳተ፣ አንድ ጎዳና ወደ ጎን ጣለኝ። ስለዚህ ታፔላውን ፈለግሁ። ዓይኔን አጥብቤ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ፊደሉን ለመለየት ስታገል መታጠፊያው ደረሰ። በመጨረሻዋ ሰከንድ አነበብኩት፣ ታጠፍኩ፣ ዜብራው ላይ ብስክሌት የያዘ ልጅ ነበር። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ተንሸራቶ ከጎማው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ልጁ ኮፈኑን በመዳፉ አንዴ ጠፍ አድርጎ ሄደ። ሴትዮዋ «አይዞህ» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔ እጅ እስከ ቤቴ አልቆመም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማየት ያለብኝ ሰውን ነው እንጂ ታፔላን አይደለም። ግን ዓይኔን ታፔላው ላይ ያን ያህል ጊዜ ያቆየው ምን ነበር?

አሁን ከተማው ሁለተኛውን ዙር ሊጀምር ነው፤ ወይን ጠጁ ታፔላ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ሊዘልቅ ነው። ማክሰኞ የሕዝብ አስተያየት አለ፣ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ። ልሄድ ወስኛለሁ። ሦስት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ችግሩ የ54 ዓመት ዓይኔ ነው ወይስ ታፔላው? የዓይን ሐኪሜ መነጽርህ ልክ ነው ብሎኛል። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር ታፔላ በፈለጉት ቀለም መሥራት ይቻላል? ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲውን እንደጠላሁ ሳይቆጠርብኝ እንዴት ልናገር?


ታፔላ ቤት

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፋችሁ፤ አንተም ልጁም።

እኔ በሌላ ስቴት የአንድ ከተማ የታፔላ ወርክሾፕ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ላሜራ እቆርጣለሁ፣ አንጸባራቂውን እለጥፋለሁ፣ ወጥቼም እሰቅላለሁ። ስለዚህ ከእጄ የማውቀውን ልንገርህ።

ታፔላ የራሱ ብርሃን የለውም። የአልሙኒየም ላሜራ ላይ መጀመሪያ የሚለጠፈው ነጭ አንጸባራቂ ነው፤ ውስጡ እጅግ ደቃቅ የብርጭቆ ፍሬ ወይም ፕሪዝም አለው፣ የመኪናህን መብራት ተቀብሎ ወደመጣበት ይመልሳል። ቀለሙ ከላይ የሚደረብ ብርሃን አሳላፊ ስስ ፊልም ነው። አረንጓዴውን ፊልም በፊደሉ ቅርጽ ቆርጠን ስናነሣው ከሥር ያለው ነጭ ይወጣል፣ ፊደሉ እሱ ነው። እንግዲህ አስበው፤ የመብራትህ ብርሃን በቀለሙ ውስጥ ሲገባ አንዴ፣ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጊዜ ያልፋል። ጥቁር ወይን ጠጅ ሁለቱንም ጊዜ ይበላዋል። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ መደቡ ቢጠቁርም ነጭ ፊደል ይታይ ነበር። የእናንተ ፊደል ግን ወርቃማ ነው፣ ማለትም እሱም ላይ ፊልም ተደርቧል። መደቡም ፊደሉም ብርሃን ሲበሉ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ነው። አንተ «ደብዝዞ ቡናማ ይሆናል» ያልከው ይኸው ነው።

ስለ ዓይንህ፤ የሰው ዓይን ሁሉ ሲመሽ መጀመሪያ የሚያጣው ቀይን ነው። አመሻሽ ላይ አጥር ላይ ያለ ቀይ ጽጌረዳ ጠቁሮ ቅጠሉ ግን ገና አረንጓዴ ሆኖ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ወይን ጠጅ የቀይ ወገን ነው። ዕድሜ ሲጨመር ደግሞ የዓይን ብሌን እንደ ወጣትነት አይሰፋም፣ ሌንሱም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ የአንተ ዓይን ድርሻ አለው፣ ግን ያ በሽታ አይደለም። ታፔላ መሠራት ያለበት መንገዱ ላይ ላለው ሾፌር ሁሉ ነው፣ ለ20 ዓመት ልጅ ብቻ አይደለም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የመንገድ ምልክቶችን የሚገዛ የፌዴራል መመሪያ አለ፣ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ኤምዩቲሲዲ ነው የምንለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው እትም ስለ መንገድ ስም ታፔላ ግልጽ ነው። መደቡ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ውጭ የሚፈቀደው ሰማያዊ፣ ቡናማ ወይም ነጭ ብቻ ነው። በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቡናማ ላይ ፊደሉ ነጭ ይሆናል፣ በነጭ ላይ ጥቁር። ወይን ጠጅና ወርቅ እዚያ ውስጥ የሉም። ስሙም የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ የተቀረው ትንሹ ፊደል እንዲሆን ያዛል፤ ምክንያቱም ከሩቅ ለማንበብ የቃሉ ቅርጽ ይረዳል፣ ሁሉም ትልልቅ ሲሆን ሁሉም ቃል አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል። 11ኛው እትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ወጥቶ ከጥር 18 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ የተፈቀዱት ቀለሞች እዚያም ያው ናቸው።

ይህ ሰውን ለማስጨነቅ የወጣ አይደለም። መንገድ ላይ እያንዳንዱ ቀለም ሥራ ተሰጥቶታል። ቀይ «ቁም» እና «ክልክል» ነው። ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ብርቱካን የመንገድ ሥራ፣ የሚያበራው ቢጫ አረንጓዴ ደግሞ የተማሪና የእግረኛ ነው። ቀለሙ ብርቱካን የሆነ ዩኒቨርሲቲ ታፔላውን ሁሉ ብርቱካን ቢያደርግ እንግዳ ሾፌር መንገዱ እየተቆፈረ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ጠንቀቅ በል። ሁሌ በር ተዘግቶ ሰው የሚፈተሽበት የግል ግቢ ውስጥ ያለ መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። አንተ የምትለው ግን ማንም የሚነዳበት የከተማ ጎዳና ነው፤ ክርክርህን እዚያ ላይ ብቻ አድርግ።

ከሁሉ በላይ ቁጥር ይዘህ ሂድ። እኛ የምንሠራበት ልክ ለአንድ ኢንች የፊደል ቁመት 30 ጫማ ርቀት ነው። በሰዓት 25 ማይልና ከዚያ በታች በሚነዳበት የሠፈር መንገድ ትልቁ ፊደል ቢያንስ 4 ኢንች ነው፤ ስለዚህ ከ120 ጫማ መነበብ አለበት። በ25 ማይል ስትነዳ በሰከንድ 37 ጫማ ያህል ትሄዳለህ። ለማንበብ፣ ለመወሰን፣ ፍሬን ለመያዝና እግረኛውን ለማየት ያለህ ጊዜ 3 ሰከንድ ከትንሽ ነው። ርቀቱ በግማሽ ቢቀንስ ምን እንደሚቀርህ አንተው አስላው።


ሁለተኛ ዓመት

ጋሼ፣ እንኳን አተረፈዎት። እኔ እዚያው ዓይነት ከተማ ውስጥ ተማሪ ነኝ፣ ምናልባትም እርስዎ ጋ ያለሁ ይመስለኛል። ልከራከርዎ አይደለም፣ የሌላውን ወገን ስሜት ግን ልንገርዎ።

እኔ በ9 ዓመቴ ነው ከኢትዮጵያ የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ በአባቴ ሥራ ምክንያት አራት ከተማ ቀይረናል። በየሄድንበት የመንገዱ ታፔላ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ ለእኔ አረንጓዴ ታፔላ ማለት «ይህም ያንቺ አይደለም፣ ነገ ትሄጃለሽ» ማለት ነበር። አንደኛ ዓመት ስገባ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ያንን ወይን ጠጅ ታፔላ ሳየው፣ ይህ ሠፈር የእኔ ነው አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። ለሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል።

በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ደህና ይነበባል። ማክሰኞ «ይንሡት» ብቻ ካሉ ብዙ ተማሪ ይከፋዋል፣ እኔም ይከፋኛል።


የሌሊት ሾፌር

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ስለ ማታ ብቻ ሳስብ ይህንን አላሰብኩም ነበር። እኔም እኮ ስድስት ኪሎ ስደርስ፣ የግቢውን በር ሳይ፣ ተማሪ ሳልሆን «ዩኒቨርሲቲያችን» ነበር የምለው።

ግን አንድ ነገር ላስረዳሽ። በእግርሽ ስትሄጂ ታፔላው ሥር ቆመሽ ታነቢያለሽ። ደግሞም ሠፈሩን ታውቂዋለሽ፣ ታፔላው ቢጠፋም ማደሪያሽን አታጪውም። እኔ የጫንኳቸው እናት ግን በሕይወታቸው ያንን መንገድ አይተውት አያውቁም። የአምቡላንስ ሾፌርም ሁልጊዜ የሠፈሩ ልጅ አይደለም። የጎዳና ስም የሚጻፈው ለማያውቀው ሰው ነው። ሁለተኛው ዙር ሆስፒታሉ ድረስ ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ታፔላ ቤት፣ ቀለሙ ሳይጠፋ የሚሆን መንገድ አለ?


ከሎስ አንጀለስ

ለእህታችንም ለወንድማችንም የሚሆን አንድ ምሳሌ ልስጥ። እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ሠፈራችን እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ በከተማው ስትሰየም የሠፈሩ ስም ለብቻው ታፔላ ተሰቀለለት። እኔ በዚያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ እናቴ ታፔላው ሥር ቆማ እልል ብላለች። የጎዳናው ስም ግን ፌርፋክስ እንደተባለ፣ እንደ ከተማው ሌላ ጎዳና ሁሉ በሰማያዊ ላይ በነጭ ፊደል እንደተጻፈ ቀረ። አንዱ «ማን ነን» ይላል፣ ሌላው «የት ነህ» ይላል። ሁለቱ ተለያይተው ስለተሰቀሉ አንዱ ሌላውን አልነካውም።


ኮሎምበስ ነዋሪ

ቀለም ላይ ያለውን ፍቅር ማንም አያቃልለው። እዚህ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተቀናቃኙ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚጫወትበት ሳምንት ግቢው ውስጥ ባሉት ጽሑፎች ላይ «ኤም» የምትለዋን ፊደል ሁሉ በቀይ ፕላስተር ኤክስ እያደረጉ ይሸፍኗታል። ሌላዋ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ክሌምሰን ደግሞ ወደ ከተማው የሚያስገባው አስፋልት ላይ የዩኒቨርሲቲው ምልክት የሆነው የነብር ዳና በብርቱካን ቀለም ተቀብቶ አይቻለሁ። ዳናው ማንንም አያሳስትም፣ የሚነበብ ስም የለበትም። ጨዋታው ሲያልቅም ፕላስተሩ ይነሣል። የጎዳና ስም ግን ዓመቱን ሙሉ ሌሊትም ዝናብም ውስጥ ሥራ ላይ ነው።


ታፔላ ቤት

አዎ አለ፣ መመሪያው ራሱ በሩን ከፍቶታል። በመንገድ ስም ታፔላ ላይ ትንሽ ዓርማ ማስገባት ይፈቀዳል፤ በመንግሥት የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ዓርማም በትርጉሙ ውስጥ በስም ተጠቅሷል። ዓርማው ከስሙ በስተግራ ይቀመጣል፣ ቁመቱም ከትልቁ ፊደል አይበልጥም። የንግድ ድርጅት ዓርማ ግን አይገባም። እኛ ይህን ሠርተን እናውቃለን፦ አረንጓዴ መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ከግራ በኩል የኮሌጁ ዓርማ በሙሉ ቀለሙ። ተማሪዎቹ ወደዱት። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ማደሪያ ክፍላቸው ለመስቀል ይሰርቁት ጀመር፣ በመደበኛ ቁልፍ የማይፈታ ቡሎን እስክንገዛ ድረስ።

«ወደ ስታዲየም»፣ «ወደ ቤተ መጻሕፍት» እያሉ ለሚመሩ የከተማ አቅጣጫ ታፔላዎችም የ2009ኙ እትም ከአረንጓዴ ውጭ ሌላ መደብ ይፈቅዳል። እዚያም ላይ ግን ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫና ሐምራዊ ተከልክለዋል። ወይን ጠጅ ቀይ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም፣ አንተ አትግባበት። የመብራት ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው ባነር፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው፣ አጥሩ፣ እነዚያ የፈለጉትን ቀለም ይሁኑ።

አሁን ያልኩህን ቁጥር ሰብስብ። ሁለተኛው ዙር ገና ስላልተጀመረ የድሮው አረንጓዴ ያለበት መገናኛ አጠገብህ አለ። ማታ መኪናህን አጭር መብራት ላይ አድርገህ አቁም፣ ከታፔላው ወደ ኋላ እየራቅህ ስሙ የሚጠፋበትን ቦታ ለካ። ስሙን የማያውቅ ሰው ያንብብልህ፣ አንተ ስሙን ስለምታውቀው ዓይንህ ያታልልሃል።


የሌሊት ሾፌር

እሑድ ማታ ልጄንና አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ ጓደኛዋን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ጭር እስኪል ጠብቀን፣ ልጄ መኪናውን በአጭር መብራት ቀስ እያደረገች ታስጠጋለች፣ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ስሙ የተነበበለት ጊዜ «ቁሚ» ይላል፣ እኔ ከዚያ እስከ ታፔላው በመለኪያ ገመድ እለካለሁ። አረንጓዴውን ልጁ ከ140 ጫማ አነበበው። ወይን ጠጁን ከ75። ከዚያ እኔ ልጁ ቦታ ገባሁና እሱ ለካ፤ እኔ በስም በማላውቃቸው ሁለት መገናኛዎች ላይ አረንጓዴውን ከ115፣ ወይን ጠጁን ከ50 አነበብኩ። ልጄ ቁጥሩን በደብተሯ ስትጽፍ ዝም አለች። በኋላ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ በየሌሊቱ እንዲህ ነው የምትነዳው?» አለችኝ።

50 ጫማ በ25 ማይል አንድ ሰከንድ ከምናምን ነው። ያ ብስክሌት የያዘ ልጅ ያለፈው በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ነው።


የሌሊት ሾፌር

ከስብሰባው ተመለስኩ። የነበረውን ልንገራችሁ።

ስሜ ሲጠራ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። በመጀመሪያ ልጄ እዚህ እንደምትመረቅ፣ ታፔላው ሥር የተነሣችው ፎቶ አዲስ አበባ አያቷ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለ ተናገርኩ። ቀጥዬ አራቱን ቁጥሮች አነበብኩ። ስለ ብስክሌቱ ልጅም ተናገርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ጭምር። መጨረሻ ላይ ቀለሙን አታጥፉት፣ ዓርማውን ከስሙ በስተግራ አድርጉት፣ ስሙን ነጭ አድርጉት አልኩ። 3 ደቂቃ ሳይሞላ ጨረስኩ።

ሁለተኛ ዓመት እዚያ ነበረች! ግምቷ ልክ ነበር፣ የእኛው ከተማ ልጅ ናት። ከእኔ ቀጥላ ተነሥታ ስለ ሻንጣዋና ስለ አራቱ ከተሞች ተናገረች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። እሷም «ዓርማው ይበቃኛል፣ ግን ትንሽ አታድርጉት» አለች። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም እጁን አውጥቶ በዝናብ ወቅት ለእነሱም እንደሚያስቸግራቸው መሰከረ።

ውሳኔ አልሰጡም። ሁለተኛውን ዙር ለጊዜው አቁመው ሁለት ናሙና ሊያሠሩ ተስማሙ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሁለቱም ነጭ ፊደልና በግራ ዓርማ ያላቸው። ከወይን ጠጁ ጎን ለጎን አንድ መገናኛ ላይ ሐሙስ ይሰቀላሉ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ የፈለገ መጥቶ ያያል። እኔ፣ ልጄና ሁለተኛ ዓመት አብረን እንሄዳለን።


ታፔላ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥህ። ሐሙስ ካልዘነበ በጠርሙስ ውኃ ይዛችሁ ሂዱና የፊት መስታወቱን አርጥባችሁ እዩት። ደረቅ ማታ ላይ ሦስቱም ደህና ሊመስሉ ይችላሉ።


የሌሊት ሾፌር

ትንበያውን አይቼ ነበር፣ ሐሙስ ዝናብ ነው ይላል። የሆነ ሆኖ ጠርሙሱን እይዛለሁ።